ፋይሉን የሚለውጠው የጻፈው ሰው ይሁን

ሰው ሰነድ ሲልክልኝ መጀመሪያ የማየው የፋይሉን ስም መጨረሻ ነው። ከነጥቡ በኋላ ያሉት ሦስት አራት ፊደላት ብዙ ነገር ይነግሩኛል። ሰውየው በምን እንደጻፈው፣ እኔ ምን እንዳደርግለት እንደሚፈልግ፣ አንዳንዴም ፋይሉ ምን ያህል እንደቆየ። እዚህ ሐዋሳ የጽሕፈትና የሕትመት ሥራ ስሠራ በእጄ የማያልፍ የሰነድ ዓይነት የለም። የመመረቂያ ጽሑፍ አለ፣ የእድር ደንብ አለ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የፕሮጀክት ሪፖርት፣ የሠርግ ጥሪ። አብዛኛው በቴሌግራም ይመጣል፣ ቀሪው በፍላሽ። አብሮት የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «በዎርድ ልላክልህ ወይስ በፒዲኤፍ?»

ብዙ ሰው ይህን የምርጫ ጉዳይ አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን ከፎርማቱ፣ ማለትም ከፋይሉ ዓይነት፣ ስም በፊት ሌላ ነገር መጠየቅ አለበት ባይ ነኝ። ከእናንተ ቀጥሎ ፋይሉን የሚከፍተው ማን ነው? ሊያነበው ነው፣ ሊያሳትመው ነው ወይስ ሊያርመው? ፋይሉ ወደ ሌላ ፎርማት መለወጡ የማይቀር ከሆነስ ማን ይለውጠው? ለመጨረሻው ጥያቄ መልሴ ቁርጥ ያለ ነው። የሚለውጠው የጻፈው ሰው ይሁን። ሰነዱ ምን መምሰል እንዳለበት የሚያውቀው እሱ ነዋ። ተቀባዩ ከለወጠው ምን እንደጎደለ እንኳ አያውቅም።

ፎርማቶች በግርድፉ ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ፕሮግራሙ ለራሱ የሚጠቀምበት ነው። ዎርድ የሚያውቀውን ነገር ሁሉ እዚያ ያኖራል፤ ስታይሉን (የርዕሱንና የአንቀጹን መልክ)፣ የግርጌ ማስታወሻውን፣ አማካሪው ጎን ላይ የጻፈውን አስተያየት፣ የተሰረዘውንና የተጨመረውን። ሁለተኛው የመቀባበያ ፎርማት ነው። የተሠራው ሰነድ ከአንድ ፕሮግራም ወደ ሌላ፣ ከአንድ ሰው ወደ ሌላ እንዲያልፍ ነው። ብዙ ፕሮግራም ይከፍተዋል፣ የሚሸከመው ነገር ግን ያንሳል።

ከመቀባበያዎቹ አንጋፋው አርቲኤፍ ነው። ማይክሮሶፍት ያወጣው በ1987 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የኮምፒውተር ታሪክ በእሱ ስለሚነገር።) አርቲኤፍን የምወደው ሆዱን ከፍታችሁ ማየት ስለምትችሉ ነው። በዎርድ «ሰላም» ብላችሁ ጻፉ፣ አርቲኤፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ከዚያ ፋይሉን በኖትፓድ፣ በዊንዶውስ የተራ ጽሑፍ መጻፊያ፣ ክፈቱት። ሰ የሚል ፊደል አታገኙም። በምትኩ አንድ ባክስላሽ፣ ዩ የምትለዋ የላቲን ፊደል፣ 4656 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። ቀጥሎ ላ በ4619፣ ም ደግሞ በ4637 ተጽፈዋል። ቁጥሮቹ ፊደላቱ በዩኒኮድ፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው ሰንጠረዥ፣ ላይ ያላቸው ቦታ ናቸው። ሀ 4608 ላይ ይጀምራል፣ ሌሎቹ በተርታ ይከተላሉ።

ከእያንዳንዱ ቁጥር ኋላ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንድ የጥያቄ ምልክት አለ። ለምን መሰላችሁ? ቁጥሩን ማንበብ የማያውቅ የቆየ ፕሮግራም ቢገጥመው በፊደሉ ቦታ የሚያሳየው ነገር እንዲኖረው ነው። አማርኛ ሰነድ ከፍታችሁ ገጹ ሙሉ በጥያቄ ምልክት ተሞልቶ ያገኛችሁበት ጊዜ ካለ፣ አንዱ መንገድ ይህ ነው። ጽሑፉ ፋይሉ ውስጥ አለ። ፕሮግራሙ ነው ያላነበበው። ይህን ማወቅ ብዙ ሰነድ ያድናል፤ ሰው ጥያቄ ምልክቱን ሲያይ «ተበላሸ» ብሎ ያጠፋዋልና። ከዚያ የባሰው ደግሞ በዚያው ፕሮግራም «ሴቭ» ማለት ነው። ያኔ የእውነት ይጠፋል።

አርቲኤፍ የዩኒኮድ ቁጥር መያዝ የጀመረው ከዎርድ 97 ጋር ነው። የመጨረሻው እትሙ በ2008 ወጣ፣ ከዚያ ወዲህ አላደገም። ዊንዶውስ ውስጥ አርቲኤፍን ይከፍት የነበረው ዎርድፓድም ከ1995 ጀምሮ አብሮን ኖሮ በ2024ቱ የዊንዶውስ 11 እትም ቀርቷል። ዎርድና እንደ ዎርድ ያለው ነጻ ፕሮግራም ሊብሬኦፊስ አሁንም ይከፍቱታል፣ ስለዚህ ሞቷል አልልም። ቀላል ሰነድ፣ ማለትም ርዕስ፣ ደማቅ ጽሑፍና አንቀጽ ብቻ ያለበት ከሆነ ዛሬም ያደርሳል። ውስብስብ ሠንጠረዥና ብዙ ስዕል ላለው ጥናት ግን አልመክረውም።

ዎርድ ዛሬ የሚጠቀምበት ዶክኤክስ ሌላ ነገር ነው። ከዎርድ 2007 በፊት የነበረው ዶክ ለዎርድ ራሱ የተቆለፈ ዓይነት ፋይል ነበር። ማይክሮሶፍት የአሠራሩን ዝርዝር ለሁሉም በነጻ ያወጣው በ2008 ነው። እስከዚያ ሌሎች ፕሮግራሞች ፋይሉን እየፈተሹ ብዙውን በግምት ነበር የሚከፍቱት። ዶክኤክስ ግን ዚፕ፣ ማለትም ብዙ ፋይሎች ተጨምቀው የታሸጉበት አንድ ፋይል፣ ነው። አንድ ቅጂ ውሰዱና የስሙን መጨረሻ ወደ ዚፕ ቀይራችሁ ክፈቱት። ፎልደሮች ታያላችሁ። በአንዱ ስዕሎቹ ተቀምጠዋል፣ በሌላ ፋይል ስታይሎቹ፣ በሌላው ዋናው ጽሑፍ። ዋናውን ጽሑፍ ስትከፍቱ አማርኛው ልክ እንደጻፋችሁት በግዕዝ ፊደል ይነበባል። እኔ ይህን መጀመሪያ ሳየው በጣም ነው ደስ ያለኝ። ዎርድ ባይኖር እንኳ የተጻፈውን ማውጣት ይቻላል ማለት ነው።

እዚያው ግን ሌላም ነገር ታያላችሁ። ዎርድ አንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስት አራት ቦታ ቆራርጦ፣ በየቁራጩ መለያ ቁጥር አድርጎበት ይሆናል። ቁጥሮቹ የትኛው ክፍል በየትኛው የሥራ ጊዜ እንደተነካ ይናገራሉ። የጸሐፊው ስም አለ። «ትራክ ቼንጅ» የሚባለው፣ እርማቱን ሁሉ የሚመዘግበው የዎርድ መሣሪያ፣ ተከፍቶ ከሆነ የተሰረዘውም ቃል እንዳለ ተቀምጧል። የቤት ኪራይ ውል አስቡ። አከራዩ መጀመሪያ አንድ ዋጋ ጽፎ፣ ኋላ ከፍ አድርጎ፣ የዎርድ ፋይሉን ለተከራዩ ቢልክ የመጀመሪያው ዋጋ ፋይሉ ውስጥ አብሮ ሊሄድ ይችላል። የፕሮግራሙ የራሱ ፎርማት ሥራውን ከነጓዳው ነው የሚይዘው። ለሠሪው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለሌላ ሰው ስትሰጡት ግን ጓዳውንም አብራችሁ እየሰጣችሁ እንደሆነ እወቁ።

ሊብሬኦፊስ ለራሱ የሚጠቀምበት ኦዲቲም እንደ ዶክኤክስ ዚፕ ነው፣ ውስጡም በኤክስኤምኤል፣ ማለትም ምልክት በታከለበት ተራ ጽሑፍ፣ የተጻፈ። ኦዲቲ ያለበት ኦዲኤፍ የሚባለው ቤተሰብ በ2005 ጸድቆ በ2006 የአይኤስኦ፣ የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት፣ ደረጃ ሆነ። የዶክኤክስ ቤተሰብ የአይኤስኦ ደረጃ የሆነው በ2008 ነው። በወረቀት ሲታይ ሁለቱም ክፍት ናቸው። ዎርድ ራሱ ከ2009 ጀምሮ ኦዲቲ ይከፍታል፣ ያስቀምጣልም። ታዲያ ልዩነቱ የቱ ላይ ነው? ዶክኤክስ ደረጃ ቢኖረውም ኑሮው ዎርድ ቤት ነው። ዶክኤክስ ውስጥ ያለ ሠንጠረዥ እንዴት መታየት እንዳለበት በተግባር የሚወስነው ዎርድ ነው። ሊብሬኦፊስ ዶክኤክስ ሲከፍት ወደ ራሱ አሠራር ይተረጉመዋል፣ ሲያስቀምጥ መልሶ ይተረጉመዋል። በተመላለሰ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ነገር ይንጠባጠባል። የአንቀጽ ቁጥር ይዛነፋል፣ የጽሑፍ ሳጥን ቦታውን ይለቃል።

ስለዚህ ማመላለስን አልወድም። ሥራው የሚሠራበት ፋይል አንድ ይሁን። ከእሱ ቅጂ ይውጣ እንጂ ቅጂው ተመልሶ ዋና አይሁን። ሁለት ሰዎች አንድ ሰነድ የሚያርሙ ከሆነ ደግሞ ከሁሉ በፊት በአንድ ፕሮግራም ይስማሙ። ተማሪዎች «አማካሪዬ ዎርድ ነው የሚጠቀመው፣ እኔ ደግሞ ሊብሬኦፊስ ነው ያለኝ፣ ምን ላድርግ?» ሲሉኝ፣ የአስተያየት ምልልሱ እስኪያልቅ በዎርድ ሥሩ እላለሁ። ሊብሬኦፊስን ስለማልወድ አይደለም። እኔ ራሴ እጠቀምበታለሁ። ግን የአማካሪው አስተያየት የመመረቂያ ጽሑፉ ግማሽ ነው፣ እሱን ለአደጋ አላጋልጥም።

ግንቦትና ሰኔ ላይ በዩኒቨርሲቲው አካባቢ ካሉት እንደኔ ያሉ የጽሕፈት ሱቆች አንዱ ጋ ብትቆሙ ሌላው ችግር ይታያችኋል። ተማሪው ጽሑፉን ቤቱ በንያላ ፎንት ጽፎ፣ ማውጫውን አስተካክሎ፣ በስልኩ ሊያየው ይከፍተዋል። ስልኩ ላይ ንያላ የለም። ስልኩ በራሱ የግዕዝ ፎንት ይተካዋል። የፊደላቱ ስፋት ተለወጠ፣ መስመሩ ተለወጠ፣ ገጹም አብሮ ተለወጠ። ማውጫው ምዕራፍ ሦስት የሚለው ገጽ ላይ አሁን የምዕራፍ ሁለት ጭራ አለ። ተማሪው ደንግጦ ስልኩ ላይ ማስተካከል ይጀምራል። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የሚበላሸው። ለማየትና ለማሳተም ከሆነ የሚላከው ፒዲኤፍ ነው። አዶቢ ፒዲኤፍን በ1993 ሲያወጣ ዓላማው ይኸው ነበር፤ ገጹ የትም ቢከፈት አንድ ዓይነት እንዲሆን። ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ አብሮ ይገባል። ፒዲኤፍ/ኤ የሚባለው ለረጅም ጊዜ ማስቀመጫ የታሰበው ዓይነት ደግሞ ፎንቱ የግድ እንዲገባ ያዛል።

እስካሁን ያልኩት ለየትኛውም ቋንቋ ይሠራል። የኛ ግን ተጨማሪ ጣጣ አለው፣ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ዊንዶውስ ከራሱ ጋር የግዕዝ ፎንት፣ ያንኑ ንያላን፣ ይዞ የመጣው ደግሞ ከቪስታ ጀምሮ በ2007 ነው። ከዚያ በፊት ሥራ አልቆመም። ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች አገሩን ሁሉ በአማርኛ አስጽፈዋል፣ ለዚህም ትልቅ ምስጋና ይገባቸዋል። ያኔ የነበረው መላ ግን አንድ ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የላቲን ፊደል ቁጥር ነው፣ ፎንቱ ብቻ በላዩ ላይ የግዕዝ ቅርጽ ይስልበታል። ለአንድ ፎንት ያለው ቦታ 256 ነው። የኛ ፊደል ከነሥርዓተ ነጥቡና ከነቁጥሩ ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ አንዳንዶቹ ፕሮግራሞች ፊደሉን ከአንድ በላይ ፎንት ላይ ከፋፍለው አስቀመጡት። በአንድ ቃል መካከል ፎንቱ ሊቀያየር ይችላል።

የሰፈራችን እድር ጸሐፊ አንድ ፍላሽ ይዘው መጡ። አዲስ ኮምፒውተር ተገዝቷል፣ የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ ግን አልከፈት አለ። ማለቴ ይከፈታል፣ የሚታየው ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ነው። መካከል መካከሉ ላይ «50» እና «100» የሚሉ ቁጥሮች ብቻ ይነበባሉ።

«ልጄ፣ ደንቡ ጠፋ ማለት ነው?» አሉኝ።

«አልጠፋም ጋሼ። የጠፋው ፎንቱ ነው።»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሄድበት መንገድ አለ፤ «ከሁሉ ንጹሑና ሁሉም የሚከፍተው ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ወደ እሱ ለውጠን እናስቀምጠው» የሚል። በሌላ ጊዜ ጥሩ ሐሳብ ነው። እዚህ ግን ሰነዱን ይገድለዋል። ተራ ጽሑፍ የፎንት ስም አይይዝም። የፎንቱ ስም ከሄደ የትኛው ድብልቅልቅ አማርኛ እንደሆነ፣ የትኛው እውነተኛ እንግሊዝኛ ወይም ቁጥር እንደሆነ የሚለይ ምንም ምልክት አይቀርም። ያ «50» የቅጣት ብር ነው፤ በተለመደው የእንግሊዝኛ ፎንት ስለተጻፈ ነው የተነበበው። ለዋጩ ፕሮግራም ፎንቱን ማየት ካልቻለ እሱንም ፊደል መስሎት ሊለውጠው ይችላል። ዶክም ሆነ አርቲኤፍ ግን የፎንቶቹን ስም ዝርዝር በውስጣቸው ይይዛሉ። በተለይ አርቲኤፍ መጀመሪያው ላይ በግልጽ ይጽፈዋል። በኖትፓድ ከፍቼ ስሙን ያገኘሁት እንደዚያ ነው።

ስሙ ከታወቀ በኋላ ሥራው የትዕግሥት ነው። ፎንቱን ድሮ ከተጫነበት ኮምፒውተር ላይ አመጣሁ፣ ሰነዱ በአማርኛ ተነበበ። ከዚያ ወደ ዩኒኮድ ለወጥኩት። ጸሐፊው የታተመውን ጥራዝ ይዘው ተቀመጡ። እሳቸው ከወረቀቱ ያነባሉ፣ እኔ ከስክሪኑ እከተላለሁ። አንድ ቦታ «ቋሚ ተጠሪ» የሚለው ላይ ቋ ጠፍታ ባዶ ሳጥን ሆናለች። ከሌላኛው ፎንት የመጣች ፊደል ስለነበረች ነው። ሌላ ቦታ አራት ነጥቡ ሁለት ሁለት ነጥብ ሆኖ ገብቷል። ለዓይን አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን አይደሉም፤ በአራት ነጥብ ስትፈልጉ አይገኝም። የሀዘን ክፍያው አንቀጽ ላይ ስንደርስ ጸሐፊው ሁለቴ አስነበቡኝ። ልክ ነበሩ። እዚያ ላይ አንድ ቁጥር ቢሳሳት ለቅሶ ቤት ላይ ነው ጭቅጭቁ የሚነሳው።

ይህን ያወራሁት ያ ፋይል ድሮውኑ በምርጥ ፎርማት ቢቀመጥ እንኳ ችግሩ አይቀርም ነበር ለማለት ነው። ኦዲቲ ቢሆን፣ ፒዲኤፍ ቢሆን፣ ውስጡ ያለው የላቲን ቁጥር ነው። ፒዲኤፍ እንዲያውም ያታልላል። ፎንቱን ይዞ ስለሚሄድ ገጹ ያምራል፣ ይነበባል፣ ይታተማል። አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ ስትለጥፉት ግን ድብልቅልቁ ይወጣል። አንድ ቃል ስትፈልጉም አያገኝም። አሁን ፎንት ስትመርጡ በዩኒኮድ እየጻፋችሁ መሆኑን አረጋግጡ። የቆዩት ፕሮግራሞችም የዩኒኮድ ፎንት አውጥተዋልና ሰበብ የለም።

ሐዋሳ ላይ ይህ ጉዳይ ለእድር ብቻ የሚተው አይደለም። ከተማችን ለብዙ ዓመታት የደቡብ ክልል መቀመጫ ነበረች። ሲዳማ በ2020 ክልል ሆነ። በ2021 ደቡብ ምዕራብ ተከተለ። በ2023 ቀሪው ለሁለት ተከፈለና ሆሳዕናና ወላይታ ሶዶ መቀመጫ ሆኑ። መሥሪያ ቤት ሲከፋፈል ሰነድም አብሮ ይከፋፈላል። ፋይሉን የጻፈው ባለሙያ አንድ ከተማ ይሄዳል፣ ፋይሉ ሌላ ከተማ ይቀራል። «ይቺን እንዴት ነበር የከፈትካት?» ብሎ ጎን ያለውን ጠረጴዛ መጠየቅ የለም። በአማርኛና በሲዳምኛ ጎን ለጎን የተጻፈ ሰነድ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሲዳምኛው በላቲን ነው የሚጻፈው። አማርኛው በድሮ ፎንት ከሆነና የፎንቱ ስም ከጠፋ፣ ፋይሉ ውስጥ ሁለቱም ላቲን ናቸው። ከዚያ ወዲያ መለየት ፈተና ነው።

«ሁሉም ሰው ዎርድ አለው፣ ምን ያስጨንቅሃል?» የሚሉኝ አሉ። ዛሬ ቢሮው ሁሉ ዎርድ ነው፣ እውነታቸውን ነው። እኔም ለዚያ ነው የዕለት ሥራዬን በዶክኤክስ የምሠራው። ግን ዎርድ ራሱ የቆየውን ሁሉ ለዘላለም አይከፍትም። ማይክሮሶፍት በ2007 ለኦፊስ 2003 ባወጣው ማሻሻያ፣ ለደህንነት ብሎ፣ በጣም የቆዩ የዎርድ ፎርማቶች በቀጥታ እንዳይከፈቱ አድርጎ ነበር። የዚያኑ ፕሮግራም የድሮ ፋይሎች ማለት ነው። ፕሮግራሙ ስላለ ፋይሉ ይከፈታል ማለት አይቻልም።

እኔ አሁን እንዲህ አደርጋለሁ። ሥራው በዶክኤክስ ያልቃል። ባለቤቱ አጠገቤ እያለ ፒዲኤፍ አወጣለሁ፣ ለንባብና ለሕትመት የሚሄደው እሱ ነው። ሰነዱ ደንብ፣ ውል ወይም ጥናት ከሆነ፣ ማለትም ከዓመታት በኋላ ሰው ሊያሻሽለው የሚፈልግ ከሆነ፣ አንድ ኦዲቲም አወጣለሁ። ያወጣሁትን መልሼ እከፍተዋለሁ፤ የሚቻል ከሆነ በሌላ ኮምፒውተር። ሠንጠረዦቹን አያለሁ። የግርጌ ማስታወሻዎቹ ቁጥራቸው ልክ መሆኑን አያለሁ። ከፒዲኤፉ አንድ መስመር ኮፒ አድርጌ ቴሌግራም ላይ እለጥፋለሁ፣ አማርኛ ሆኖ ከወጣ አበቃ። ይህ ሁሉ ሻይ የሚጠጣበትን ያህል ጊዜ አይፈጅም። የድሮ ፋይል ማዳን ግን ቀናት ይበላል፣ ያውም የታተመ ጥራዝ ከተገኘ።

የታተመ ጥራዝ የሌላቸው፣ ፎንታቸውም ያልተገኘ ጥቂት ፋይሎች አሁንም እኔ ጋ አሉ። ባለቤቶቻቸው «ተዋቸው» ብለውኛል። አልለወጥኳቸውም፣ ወደ ሌላ ፎርማትም አላስቀመጥኳቸውም። በመጡበት በዶክ እንዳሉ ናቸው። የፎንቱ ስም ውስጣቸው ስላለ፣ ፎንቱ ከተገኘ ይነበባሉ። ስለዚህ ቤታችሁ ወይም ቢሯችሁ መሳቢያ ውስጥ የድሮ የግዕዝ ፕሮግራም ሲዲ ወይም ፍሎፒ ካለ አትጣሉት። ፎንቶቹን ገልብጣችሁ አስቀምጡ፣ የፕሮግራሙንም ስም በላዩ ጻፉበት። አጠገቡ ደግሞ በዚያ ፕሮግራም የተጻፈ አንድ ሰነድና የታተመ ወረቀቱን አኑሩ። ለመለወጥ የሚቀመጥ ሰው ከምንም በላይ የሚያስፈልገው እነዚያ ሦስቱ ናቸው።